ደገኛ ዓሣ የሚበላው መንገድ ላይ ነው

የአምባ ጊዮርጊስን ሰው «ዓሣ በልተህ ታውቃለህ?» ብሎ የጠየቀ የሚያገኘው መልስ የቦታ ስም ነው። «ጎርጎራ በልቻለሁ።» «ባሕር ዳር ስማር።» «ሐዋሳ ለስብሰባ ሄጄ።» «ትናንት ማታ ቤቴ» የሚል ሰው ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ይጠይቃል። ዶሮ የበዓል ነው፣ ሽሮ የዘወትር ነው፣ ዓሣ ግን የመንገድ ነው። ከአገር ሲወጡ ይበላል፣ ሲመለሱ ይወራል።

ጣና ሩቅ ቢሆን ነገሩ አይገርምም ነበር። ግን ሩቅ አይደለም። ከጎርጎራ ወደብ እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ቢሆን ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ማለዳ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ለምሳ ወገራ ሊደርስ ይችላል። ብርዱም ቢሆን ከዓሣ ጋር ጠላት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ ውርጭ ገብሱን የሚያቃጥልበት አገር ከቆላው ይልቅ ለዓሣ ይስማማል። ሆኖም ገብሱና ድንቹ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ዓሣው ወደ ላይ አይወጣም።

ይህ ለምን እንደሆነ በአንድ ሰው ዕድሜ ማየት ይቻላል። ሰውየው የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በዕድሜያቸው የማይረሱት የዓሣ ገበታ አራት ነው ይላሉ። ከአራቱ አንዱን ራሳቸው አልበሉትም።

ያልበሉት የመጀመሪያው ነው። የአባታቸው ነው። አባታቸው በንጉሡ ዘመን የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ያን ጊዜ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬና በአክሱም አሥመራ የሚገባው ጣሊያን የሠራው መንገድ የደጋውን ሰው ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኝ ነበር። እህል ጭኖ የወረደ መኪና ጨውና ሸቀጥ ጭኖ ይመለሳል። ምጽዋ የደረሰ ረዳት ደግሞ ዓሣ ሳይበላ አይመለስም።

አባትየው ሲያወሩ ከጣዕሙ በፊት አሠራሩን ነበር የሚያስቀድሙት። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፣ በርበሬ ይቀባል፣ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከዚያው ምድጃ የወጣ ስስ ቂጣ ይቀርብበታል። ሹካ የለ፣ ማንኪያ የለ። የየመኖች አሠራር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ የመጣ። «ጭራው ከትሪው ወጥቶ ነበር» ይሉ ነበር፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው እያሳዩ። ልጆቹ ያምኑም አያምኑም ነበር። ባሕር ያላየ ልጅ የዓሣን ቁመት በምን ይለካል?

ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ምጽዋ የውጭ አገር ከተማ ሆነች። ስለ ወደብ ማጣት ብዙ ተብሏል፣ ስለ ገበታው ግን ማንም አላነሳም። የሰሜን ደጋ ሰው በመኪና ደርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የባሕር ዓሣ የሚበላበት ቦታ ከድንበር ማዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓሣ ማለት የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ገበታ የጎርጎራ ነው። መምህሩ ገና ወጣት ሳሉ፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የጣሊያኑን ወደብና የደብረ ሲናን ቤተ ክርስቲያን ሊያዩ ወረዱ። ሥዕሎቹን አይተው ሲወጡ ራባቸው። ከዳር በጭቃ የተመረገች አንዲት ቤት ነበረች፤ በር ላይ ጥቁር መጥበሻ፣ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር። አንድ ነጭ ዓሣ ለሦስት ሰው ቀረበ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተበጥቶ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ ነበር። ሎሚ፣ አዋዜ፣ ዳቦ፣ ሌላ ምንም የለም። መምህሩ እሾሁን እንዴት እንደሚለዩ ስለማያውቁ ባለቤቲቱ መጥታ «ከጀርባው ጀምር፣ ልጄ፤ ወደ ሆዱ አትቸኩል» አለቻቸው። እስከ ዛሬ ዓሣ ሲበሉ ከጀርባው ነው የሚጀምሩት።

ዓሣውን ያመጣው በደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳ ቀዛፊዎቹ የጣና ዳር ወይጦዎች፣ ሐይቁን ከማንም በፊትና ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከባልደረቦቹ አንዱ ዓሣውን እየበላ አጥማጁን «ከእነሱ ጋር ማን ይበላል?» ብሎ ናቀ። መምህሩ ይህንን ከዓሣው ጣዕም እኩል ያስታውሱታል። ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር ተብሎ ለዘመናት ተንቀዋል፤ አብሯቸው የሚበላ፣ የሚጋባ አልነበረም። ዓሣ ወደ ደጋ ያልወጣበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ያጠመደው እጅ ከተናቀ የተጠመደው ነገር በክብር ወደ ቤት አይገባም።

ቋንቋውም ይመሰክራል። ደገኛ ስለ ዓሣ የሚያውቀውን በተረት ነው የሚያውቀው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል፤ አደጋ አለው ማለት ነው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል፤ ይሸታል ማለት ነው። «ዓሣ መብላት በብልሃት» ይላል፤ እሾህ አለው ማለት ነው። አደጋ፣ ሽታ፣ እሾህ። ስለ ማርና ስለ ቅቤ ስንት ጣፋጭ ነገር የተናገረ ሕዝብ ዓሣ ይጣፍጣል የሚል ተረት አላቆየም። ተረቶቹን ያወጣው በአብዛኛው የበላ ሰው ሳይሆን ያየ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

መምህሩ አንድ ጊዜ ይህንን ሊሰብሩ ሞክረው ነበር። ከጎንደር ገበያ ሁለት ቀረሶ ገዝተው፣ በፌስታል አስረው፣ በአውቶቡስ ይዘው ወጡ። እናታቸው በር ላይ ተቀበሏቸው። «እማዬ፣ ዓሣ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው» ቢሏቸው፣ «ጥሩማ ይሆናል፣ የኔ ልጅ። በኔ ድስት ግን አይሠራም» አሉ። ሽታው ከድስቱ አይለቅም፣ በጾም ሽሮ ሊሠራበት ነው፣ ጎረቤት ምን ይላል። ዓሣው በመጨረሻ ከቤት ውጭ፣ በቆርቆሮ ላይ ተጠበሰ። ልጆቹ ተሻምተው በሉት። እናትየው አልቀመሱም፤ ግን ልጆቹ እሾህ እንዳይውጡ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ጾሙ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል የሚለውም አይበላም የሚለውም በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። በከተማ ዓሣ ቤቶች የሚሞሉት በጾም ነው፤ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ዓሣ ቤቱ ይደምቃል። በደጋ ገጠር ግን ጾም ማለት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ተልባ ነው። እንዲህ ሲሆን ዓሣ በሁለት በኩል ቤት አጣ። በጾም ለጠንካራው ጿሚ ፍስክ ነው። በፍስክ ደግሞ ሥጋ እያለ ማን ዓሣ ይፈልጋል? የቀረው መንገድ ነው። መንገደኛ ነጻ ነው፤ በሌላ ሰው ድስት፣ በሌላ ሰው መጥበሻ፣ ጎረቤት በሌለበት ይበላል።

ሦስተኛው ገበታ የባሕር ዳር ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ መምህሩ ክረምት ክረምት ለትምህርት ባሕር ዳር ይወርዱ ነበር። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ሙሉ ማለት ነው። ለወገራ ሰው ባሕር ዳር ሌላ ዓለም ናት፤ ሙቀቱ፣ ዘንባባው፣ ከሁሉም በላይ የዓሣው ዓይነት። ደጋ ላይ «ዓሣ» አንድ ቃል ነው። ባሕር ዳር ዓሣ ቤት የገባ ሰው ግን አስተናጋጁ «የትኛውን?» ይለዋል። ቀረሶ አለ፤ አዲስ አበባም ሐዋሳም ያለው፣ ሰፊው፣ ሥጋው የሚጣፍጠው። አምባዛ አለ፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጺማሙ፣ ቅባታሙ፣ ብዙ ደገኛ መልኩን አይቶ የሚሸሸው። ነጭ ዓሣ አለ፤ እሾሃሙ፣ ሥጋው ጠንካራው። ከዚያ አሠራሩ ይቀጥላል፤ ሙሉ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ዱለት፣ ሾርባ።

መምህሩ የሚወዱት ነጭ ዓሣን ነበር። በነሐሴ ደግሞ ልዩ ነበር ይላሉ። ትልልቁ በብዛት ይመጣል፣ ዋጋው ይረክሳል፣ ሆዱም በእንቁላል የተሞላ ነው። እንቁላሉ ለብቻው በሽንኩርትና በቃሪያ ተጠብሶ ሲመጣ ያን የመሰለ ነገር ቀምሰው አያውቁም። ተማሪ መምህራኑ «ነሐሴ የዓሣ ወር ነው» ይሉ ነበር። ልክ ነበሩ። ለምን እንደሆነ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ጣና ከሌሎች ሐይቆች ይለያል። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አግዷል። ጫሞ ላይ የሚጠመደው ትልቁ ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የሌለውም ለዚህ ነው። በዚህ የተዘጋ ቤት ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ከ15 በላይ ወደሆኑ ዝርያዎች ተባዝቷል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ከፊሎቹ የመንጋጋ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህም በዚያ ወገን ዓሦች ዘንድ ያልተለመደ ነው። የዓለም ሳይንቲስቶች ጣና ድረስ የመጡት ለዚህ ነው። በላተኛው ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ «ነጭ።»

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሐይቅ ውስጥ አይራቡም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ወንዞች ሲሞሉ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ይወጣሉ። ንጹሕ፣ ፈጣን ውኃ የሚያልፍበት ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አጥማጅ ይህንን ጊዜ ያውቃል። በወንዝ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በሌላ ወር በሳምንት የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ያወጣል። ወደ ላይ በወጡበት ደግሞ በብርብራ ፍሬ ዱቄት አስክሮ የሚሰበስብም አለ። ነሐሴ የዓሣ ወር የሆነው ዓሣው ለመውለድ ስለሚሰበሰብ ነው። ነሐሴ 1 የሚገባው የፍልሰታ ጾምም እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ከጿሚው ዓሣ የሚበላው ወገን ዓሣ ቤት የሚገባው በወላዱ ሰሞን ነው።

ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ በኔዘርላንድ እርዳታ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ በታንኳ ከዳር ከዳር የሚያጠምደው ድሃ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲያጠምድ፣ ከተማውም ዓሣ እንዲያገኝ። ውጤቱ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ ትንንሾቹ ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ እንደቀነሱ መዘገቡ። ዋና ምክንያት ያሉት በወንዝ አፍ ላይ በመራቢያ ወቅት የሚዘረጋውን መረብ ነው። መምህሩ እንቁላል ጥብስ የሚበሉባቸው ክረምቶች እነዚያው ዓመታት ናቸው።

አንድ መምህር ሐይቅ አያጠፋም። ግን የዓሣ ቤት ገበታ ከሌላ ገበታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በግ የበላ ሰው ያረባ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ በጉን ያሳደገው ጌታ አለው፣ እርጉዝ በግ አይታረድም። ማንም ገበሬ ነፍሰ ጡር በግ አርዶ «ዛሬ ልዩ ነገር አለ» ብሎ አያቀርብም። ዓሣ ግን ጌታ የለውም። ስለዚህ እንቁላል የሞላው ሆዱ እንደ ጸጋ ይቆጠራል።

አራተኛው ገበታ የሐዋሳ ነው። መምህሩ ለሥልጠና ሄደው አሞራ ገደል ወሰዷቸው። ያ ቦታ ምግብ ቤት ብቻ አይደለም፤ ወደብ፣ ገበያና ወጥ ቤት በአንድ ላይ ነው። ጀልባው ይደርሳል፣ ልጆች በአንድ ትንፋሽ ይገፉታል፣ አባ ኮዳው ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል፣ ሾርባው ከዳር ይፈላል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም ነበሩ፤ መምህሩ ያንን ለሌሎች ትተው ሾርባውን ጠጡ። ካዩት ሁሉ የገረማቸው ግን የሰዉ ብዛት ነበር። የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ባለ መኪና፣ እናት ከነልጆቿ። መንገደኛ የነበረው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ የሰፈሩን ምግብ እየበላ ነበር። ዓሣ የዘወትር ሊሆን እንደሚችል ያዩት ያን ቀን ነው።

እና አንድ ነገር አስተዋሉ። በየጀልባው የሚወጣው ቀረሶ መዳፍ የማይሞላ ነበር። በኋላ ባሕር ዳር ሲሄዱም ያው ነው፤ አንዱ ለሦስት ሰው ይበቃ የነበረው ዓሣ አሁን ሦስቱ ለአንድ ሰው ይቀርባል። «ዋጋው ጨመረ» የሚለው ብዙ ነው። «ዓሣው አነሰ» የሚለው ጥቂት ነው። ሁለቱ ግን አንድ ነገር ናቸው።

ይህን ያነበበ ደገኛ «እኔ ዓሣ አልበላ፣ ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። ያገባዋል። ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ የሚነሳው መገጭ ጣና የሚገባው ባዶ እጁን አይደለም። ተዳፋት ላይ ታርሶ፣ እርከን ሳይሠራለት በሐምሌ ዝናብ የታጠበ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። ያ ጭቃ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት ጠጠር ላይ ይተኛል፤ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ጠጠሩና አሸዋው ራሱ ለግንባታ በገልባጭ መኪና እየተጫነ ይወጣል። ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ የታየውን እምቦጭ ይመግባል፤ እምቦጩም መጀመሪያ ከተንሰራፋባቸው ቦታዎች አንዱ የመገጭ አፍ ነው። እርከን የሠራ ገበሬ ዓሣ ቀምሶ ባያውቅም የዓሣ ጠባቂ ነው።

በላተኛውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከባድም አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 315። ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፣ መረቡ ውኃ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ገበታው ነው። ዓሣ ቤት የገባ ሰው ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል። «የትኛው ዓሣ ነው?» እና «ወሩ ምንድን ነው?» ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣን ትቶ ቀረሶ ወይም አምባዛ ማዘዝ ማንንም አያስርብም። አምባዛ መልኩ ነው እንጂ ጥፋቱ፣ ሥጋው እሾህ የማያበዛ፣ ለሕፃን የሚመች ነው። እንቁላል ጥብስ ሲቀርብለት «በዚህ ወር አልፈልግም» የሚል አሥር ደንበኛ ያጋጠመው ባለ ዓሣ ቤት ለአጥማጁ ይነግረዋል። አጥማጁም የሚሸጥለትን ነው የሚያጠምደው። የነሐሴውን ገቢ ለሚያጣው አጥማጅ ደግሞ በሌሎቹ ወራት የተሻለ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ ጾሙን እሱ ብቻ እንዲጾመው መፍረድ አይቻልም።

ጎርጎራ ዛሬ በገበታ ለሀገር የተሠራ ትልቅ ሪዞርት አላት። እንግዳ ይመጣል፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ የጣና ዓሣ ያዝዛል። ይገባዋልም። ነገር ግን ሰሃኑ ላይ የሚቀርበው ዓሣ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነው ወጥ ቤቱ ሳይሆን መገጭና ድርማ ናቸው።

መምህሩ አሁን አንድ ነገር ይመኛሉ። አምስተኛው ገበታ አምባ ጊዮርጊስ ላይ እንዲሆን፤ የልጅ ልጆቻቸው ዓሣን በቦታ ስም ሳይሆን በቀን እንዲያስታውሱት። «ቅዳሜ በላን» እንዲሉ። ለዚያ ከጎንደር የሚነሳ በረዶ የያዘ አንድ ሳጥንና ድስቷን የማትከለክል አንዲት እናት ይበቃሉ። ለዚያ ግን አስቀድሞ ሐይቁ ውስጥ ዓሣ መኖር አለበት። የነሐሴው ዓሣ ይውለድ፤ የጥርና የየካቲቱ ይበላል።